የክራር ትምህርት ድረ ገጽ ከፍቶ ከማስታወቂያ ገቢ ለማግኘት

ስለ ሙዚቃ በጠቅላላው የሚያወራ አዲስ ድረ ገጽ ጎግል ላይ ከትልልቆቹ ቀድሞ አይወጣም። ክራርን ብቻ ይዞ የተነሳ ግን ሰው «ክራር እንዴት ይቃኛል» ብሎ ሲፈልግ ከፊት የመገኘት ዕድል አለው። በገና ወይም ማሲንቆ የሚያውቅ ሰውም በዚሁ መንገድ መሄድ ይችላል።

1. ቋንቋውን አስቀድመው ይወስኑ

ብዙዎች የሚደናቀፉት እዚህ ላይ ነው፤ ያውም ሁሉን ሠርተው ከጨረሱ በኋላ። ጎግል አድሴንስ (በድረ ገጾች ላይ ማስታወቂያ አውጥቶ ለባለቤቶቹ የሚከፍለው የጎግል አገልግሎት) ማስታወቂያ የሚያወጣው በሚቀበላቸው ቋንቋዎች በተጻፉ ገጾች ላይ ብቻ ነው። እንግሊዝኛ፣ ዓረብኛ፣ ዕብራይስጥና ጀርመንኛ ዝርዝሩ ውስጥ አሉ፤ አማርኛ የለም። በአማርኛ ብቻ የተጻፈ ድረ ገጽ ይዘቱ የቱንም ያህል ቢያምር ማመልከቻው ይመለሳል።

ስለዚህ ድረ ገጹን ለሁለት ይክፈሉት። የእንግሊዝኛው ክፍል ውጭ አገር ተወልደው ፊደል ላልቆጠሩ ልጆችና ኢትዮ ጃዝ ለሳባቸው የውጭ ሙዚቀኞች ነው፤ የአድሴንስ ኮድ የሚገባው እዚህ ነው። የአማርኛው ክፍል ላይ ኮዱን አያስገቡ፤ እሱ በቀጥታ ለሚሸጡት ማስታወቂያ ይቆይ። የአማርኛ ገጾቹን ሁሉ በአንድ ፎልደር ሥር ያስቀምጧቸው። አውቶማቲክ ማስታወቂያ (ጎግል ቦታውን ራሱ መርጦ የሚያስገባው) ሲያበሩ ያንን ክፍል በአንድ ጊዜ ማስቀረት ይቻላል፤ ገጾቹ ተበታትነው ከሆነ ግን አንዱ መረሳቱ አይቀርም።

2. ከማመልከትዎ በፊት ገጾቹን ይሙሉ

ጎግል የገጽ ቁጥር አልወሰነም። ቢሆንም ከ20 ያላነሱ የተሟሉ ገጾች ሳይኖሩ ማመልከት ጊዜ ማባከን ነው። ክራር ላይ ይህን ያህል መሙላት አይከብድም፤ አራቱ ቅኝቶች፣ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ፣ እያንዳንዳቸው የአቃኛኘት፣ የጣት ልምምድና በጆሮ የመለየት ገጽ ቢኖራቸው 12 ሆነ። የቀረውን ሰው በእርግጥ የሚቸገርበት ነገር ይሞላዋል፦ የሚንሸራተት መቃኛ፣ የተበጠሰ ክር፣ ቦታውን የለቀቀ ብርኩማ (ክሮቹ የሚያርፉበት እንጨት)፣ ክራር ይዞ በአውሮፕላን መጓዝ።

ከሁሉም ይበልጥ የሚደከምለት የአቃኛኘቱ ገጽ ነው። ተማሪው ሌላውን ትምህርት አንድ ጊዜ አንብቦት ይሄዳል፤ ወደዚህ ግን ክራሩን ባነሳ ቁጥር ይመለሳል። ትዝታን ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ብሎ መጻፍ ብቻውን አይበቃም። የእያንዳንዱን ክር ድምፅ ራስዎ ቀድተው ከአምስት ሰከንድ በማይበልጥ ፋይል፣ ከማጫወቻ ቁልፍ ጋር ያስቀምጡ። ሰውየው ስልኩን ከጎኑ አድርጎ ሲቃኝ ገጹ ረጅም ጊዜ ክፍት ይቆያል። በዚህ ጊዜ ማስታወቂያው በራሱ እንዲታደስ የሚያደርግ ኮድ ማስገባት ግን በአድሴንስ ደንብ የተከለከለ ነው።

የዘፈን ግጥም መለጠፍ ጎብኚ ያመጣል፣ አካውንትም ያዘጋል። የሌላ ሰው ግጥምና ቅጂ ያለ ፈቃድ ማውጣት በአድሴንስ ደንብም፣ በኢትዮጵያ የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996ም (በ872/2007 ተሻሽሏል) ክልክል ነው። የዩቲዩብ ቪዲዮ ብቻ ተለጥፎበት ሁለት መስመር የተጻፈበት ገጽም «ይዘቱ አነስተኛ ነው» ተብሎ ይመለሳል። ለልምምድ ደራሲያቸው የማይታወቅ የሕዝብ ዜማዎችን ራስዎ ተጫውተው ይቅዱ።

3. ያመልክቱ

«ስለ እኛ»፣ «ያግኙን» እና የግላዊነት ፖሊሲ ገጾች ይኑሩ። አካውንቱ ላይ የሚጻፈው ስም ከባንክ ደብተርዎ ጋር አንድ መሆን አለበት። አገሩንም አስበው ይምረጡ፤ በኋላ መቀየር ስለማይቻል አካውንት ዘግቶ እንደገና መክፈት ይመጣል። ምርመራው ከጥቂት ቀናት እስከ አራት ሳምንት ይወስዳል። አውሮፓ ያሉ አንባቢዎች ካሉዎት፣ መቼም አይጠፉም፣ ከጥር 2024 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የጎብኚውን መረጃ ለመጠቀም የፈቃድ መጠየቂያ መልእክት ማሳየት ግዴታ ነው። አድሴንስ ውስጥ በነጻ ይገኛል።

4. የማስታወቂያው ቦታ

በአንድ ገጽ ሦስት ይበቃል፦ ከመግቢያው ቀጥሎ፣ መሐል ላይና መጨረሻ ላይ። ከማጫወቻ ቁልፎቹ ቢያንስ በአንድ ሙሉ አንቀጽ ይራቁ። ለእያንዳንዱም ቁመቱ የታወቀ ባዶ ሳጥን አስቀድመው ያዘጋጁ፤ 280 ፒክስል ለስልክ ይሆናል። ይህ ካልተደረገ ማስታወቂያው ዘግይቶ ሲመጣ ገጹ ወደ ታች ይዘላል፣ የክሩን ድምፅ ሊነካ የነበረ ጣትም ማስታወቂያው ላይ ያርፋል። እንዲህ ያለ ጠቅታ ከገቢዎ ይቀነሳል፤ ሲበዛ አካውንቱ ይታገዳል።

የራስን ማስታወቂያ መጫን ክልክል መሆኑን ሁሉም ያውቃል። የሚረሳው ዘመድ ነው። በቤተሰብ የቴሌግራም ግሩፕ «ግቡና ማስታወቂያውን ንኩልን» ማለት አካውንት ለማዘጋት ፈጣኑ መንገድ ነው።

5. ሒሳቡና ክፍያው

ከአስተዋዋቂው ገንዘብ ለእርስዎ የሚደርሰው በግምት 68 በመቶ ነው። ገቢ የሚለካው በ1,000 የገጽ እይታ ሲሆን የአሜሪካ ጎብኚ ከአዲስ አበባው እጅግ የላቀ ያስገኛል። ለምሳሌ በ1,000 እይታ 2 ዶላር ቢያገኙ፣ በወር 15,000 እይታ 30 ዶላር ነው። ክፍያ የሚለቀቀው 100 ዶላር ሲሞላ ስለሆነ የመጀመሪያው ገንዘብ ከአራት ወር በፊት አይመጣም።

ሂሳቡ 10 ዶላር ሲደርስ የማረጋገጫ ቁጥር በፖስታ ይላካል። በአራት ወር ውስጥ ካላስገቡት ማስታወቂያው ይቆማል፤ ኢትዮጵያ ከሆኑ አድራሻው ላይ የፖስታ ሳጥን ቁጥርዎን መጻፍ አይርሱ።

6. የአማርኛው ክፍል

እዚህ አስተዋዋቂውን ራስዎ ያነጋግራሉ፦ ክራር ሠሪ፣ የሙዚቃ አስተማሪ፣ ዋሽንግተን አካባቢ ያለ ምግብ ቤት፣ የኮንሰርት አዘጋጅ። በጠቅታ ሳይሆን በወር የተቆረጠ ዋጋ ይጠይቁ፤ ጎብኚዎቹ ከየት ከተማ እንደሚመጡም በቁጥር ያሳዩዋቸው። ሳጥኑ ላይ «ማስታወቂያ» ተብሎ ይጻፍ፣ ሊንኩም የተከፈለበት መሆኑ በኮዱ ውስጥ ይገለጽ፤ ጎግል ይህን ካላየ በፍለጋ ውጤት ወደ ታች ሊያወርድዎ ይችላል።

የማስታወቂያ ዋጋ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ይወጣል፣ ከፈረንጆቹ አዲስ ዓመት በኋላ ደግሞ ይወርዳል። ስለ በገና የሚጽፉ ከሆነ ገጹ ዐቢይ ጾም ከመግባቱ ሁለት ወር ቀድሞ ይውጣ፤ ጎግል አዲስ ገጽን ቶሎ ወደ ላይ አያወጣም።