«የተሠራ ካለህ ላክልኝ» ለምትሉኝ ወላጆች፦ ስለ ሂስትሪ ዴይ

የካቲት በገባ ቁጥር ስልኬ ሥራ ይበዛበታል። «ወንድሜ፣ ልጄ ሂስትሪ ዴይ የሚባል ነገር ይዞ መጣ። የተሠራ ካለህ ላክልኝ።» የተሠራ የለኝም። ቢኖረኝም አልልክም። አንዴ ጽፌው ልገላገል።

ናሽናል ሂስትሪ ዴይ አሜሪካ ውስጥ ከ6ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያሉ ልጆች የሚወዳደሩበት የታሪክ ምርምር ነው። በ1974 ክሊቭላንድ ከተማ ተጀመረ። ዛሬ በዓመት ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ልጆች ይሳተፉበታል። (1974 ያልኩት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ለምን እንደጠቀስኩት ቆይታችሁ ታያላችሁ።) እስከ 8ኛ ክፍል ጁኒየር፣ ከዚያ በላይ ሲኒየር ይባላል። ከትምህርት ቤት ወደ ሪጅን (የአካባቢ ውድድር)፣ ከዚያ ወደ ስቴት ይወጣል። የመጨረሻው ዙር ጁን ላይ ኮሌጅ ፓርክ፣ ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ነው። ከካሊፎርኒያ በአውሮፕላን የሚመጡበትን ነገር እኛ እዚሁ አጠገቡ ሲልቨር ስፕሪንግ ተቀምጠን አናውቀውም።

የሚቀርበው በአምስት ዓይነት ነው፦ ፔፐር (ጽሑፍ)፣ ኤግዚቢት (ጽሑፍና ሥዕል የሚለጠፍበት ሰሌዳ)፣ ዶክመንተሪ፣ ፐርፎርማንስ (ትወና)፣ ዌብሳይት። ፔፐር ለብቻ ብቻ ነው፤ ሌሎቹን እስከ አምስት ሆኖ መሥራት ይቻላል። ልጃችሁ ስልክ ስለሚወድ ብቻ ዶክመንተሪ አይምረጥ። አሥር ደቂቃ ቪዲዮ መቁረጥ ስንት ሌሊት እንደሚበላ የሚያውቀው የሠራ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ኤግዚቢት ይሻላል እላለሁ። በቡድንም ባይሆን እመርጣለሁ። አንዱ ይሠራል፣ ሦስቱ ፎቶ ይነሳሉ።

ደንቡ ብዙ ነው፣ አንዳንዱም ያበሳጫል። ኤግዚቢት ላይ ልጁ ራሱ የሚጽፈው ከ500 ቃል አይበልጥም። የምንጮች ዝርዝሩ ላይ ከእያንዳንዱ ምንጭ ሥር ምን እንደጠቀመው ይጻፋል። ፕሮሰስ ፔፐር የሚባልም አለ፤ ልጁ ሥራውን እንዴት እንደሠራ የሚጽፍበት ነው። አሰልቺ ነው፤ ግን ቃል የሚቆጥር ዳኛ አለና ቁጠሩ። ከነጥቡ 80 በመቶው ለታሪኩ፣ 20 በመቶው ለአቀራረቡ ነው። ስለዚህ የሚያብረቀርቅ ወረቀትና መብራት ፍለጋ ሱቅ ለሱቅ አትንከራተቱ።

አሁን እኔን ወደበላኝ ጉድጓድ ልምጣ።

ትልቁ ልጄ 7ኛ ክፍል እያለ አድዋን መረጠ። ደስታዬ ወሰን አጣ። «ቆይ ላግዝህ» አልኩት። ማገዜ ግን መረከብ ሆነ። እሱ ተኝቶ እኔ ሌሊት ስተይብ አደርኩ። በጊዜ ቅደም ተከተል የተደረደረውን ሰንጠረዥ በሙሉ የጻፍኩት እኔ ነኝ። የጦርነቱን ቀን ከአማርኛ መጽሐፍ ወሰድኩ፦ የካቲት 23 ቀን 1888። የውጫሌን ውል ደግሞ ከእንግሊዝኛ ኢንሳይክሎፒዲያ ገለበጥኩ፦ ሜይ 2 ቀን 1889። አትሜ፣ ቆርጬ፣ ለጠፍኩ።

የውድድሩ ቀን ዳኛዋ ሰሌዳውን ጎንበስ ብላ አየችው። መነጽሯን ወደ ግንባሯ ሰቀለች። «ጦርነቱ የተነሳው በዚህ ውል ነው ብለሃል። ታዲያ ውሉ ከጦርነቱ በኋላ እንዴት ተፈረመ?» አለችው። ልጄ ዞሮ እኔን አየኝ። ወላጅ መናገር አይፈቀድለትም። አፌን ይዤ ቆምኩ። ቀጥላ ስለ ውሉ አንቀጽ 17 ጠየቀችው። የአማርኛው ቅጂ፣ ምኒልክ ከፈለጉ ከሌሎች አገሮች ጋር በኢጣልያ በኩል መላላክ ይችላሉ ይላል፤ የጣልያንኛው ያስገድዳል። የጠቡ ሥር እሱ ነው። ልጄ ግን አያውቀውም፤ የጻፍኩት እኔ ነኛ! መኪና ውስጥ እስከ ቤት አንድ ቃል አልተነፈሰም።

ስለዚህ ሁለት ነገር ያዙ። አንደኛ፣ የአማርኛ መጽሐፍ ስትጠቀሙ ዓመቱን ወደ ፈረንጅ ለውጡ። ከጃንዋሪ እስከ አዲሱ ዓመታችን 8፣ ከዚያ እስከ ዲሴምበር መጨረሻ 7 ትደምራላችሁ። አድዋ 1896 ነው። ሁለተኛ፣ እጃችሁን ሰብስቡ። ምርምሩም ጽሑፉም የልጁ መሆን አለበት፤ ደንቡም ይላል። ሰሌዳ መቁረጥ ላይ ማገዝ ይፈቀዳል። እሱን ቁረጡ። ከአማርኛ ከተረጎማችሁለት ደግሞ ልጁ ማን እንደተረጎመለት ይጻፍ።

ሌላው ሁሌ የምጠየቀው «ልጄ አባቴን ኢንተርቪው ቢያደርጋቸው ፕራይመሪ ሶርስ ይሆናል?» የሚል ነው። ፕራይመሪ ሶርስ ማለት በጊዜው ከነበረ ሰው ወይም ጽሑፍ በቀጥታ የተገኘ ምንጭ ነው። አባትዎ እዚያ ነበሩ? የቃኘው ሻለቃ አባል ሆነው ኮሪያ ከዘመቱ፣ አዎ። በቀይ ሽብር ከታሰሩ፣ አዎ። ስለ አድዋ ከአያታቸው የሰሙትን ከነገሩት ግን አይሆንም፤ ጥሩ ወሬ ነው። ለአድዋ የላይብረሪ ኦፍ ኮንግረስ ድረ ገጽ ላይ የ1896 የአሜሪካ ጋዜጦች በነጻ አሉ።

ርዕስም ሁሉም አድዋ፣ አድዋ አይበል። ከዓመቱ ጭብጥ ጋር ካልተያያዘ አድዋም አያድንም። የ2026ቱ «አብዮት፣ ምላሽ፣ ተሐድሶ» ነው። የአሜሪካ ዳኛ ፊት ሁለቱን አገር የሚያገናኝ ነገር ይሠራል፦ በ1903 ከምኒልክ ጋር ውል ለመፈራረም አዲስ አበባ የሄደው የአሜሪካ ዲፕሎማት ሮበርት ስኪነር፣ በጣልያን ወረራ ጊዜ ከቺካጎ መጥቶ ለኢትዮጵያ የበረረው ጥቁር አሜሪካዊ ጆን ሮቢንሰን፣ በ1962 ወደ ኢትዮጵያ የሄዱት የፒስ ኮር (የአሜሪካ በጎ ፈቃደኞች) መምህራን። ልጄ በዓመቱ ሮቢንሰንን ብቻውን ሠራ። አላሸነፈም፤ የተጠየቀውን ግን አንድም ሳይቀር መለሰ።

ለኮሌጅ ማመልከቻ ይጠቅማል ወይ ለምትሉ፣ ሊጠቅም ይችላል። እሱን ብላችሁ ልጁን ካስገደዳችሁት ግን እንኳን ኮሌጅ ሪጅንም አያልፍ።

ሴፕቴምበር ላይ የሶሻል ስተዲስ መምህሩን ጠይቁ። ትምህርት ቤታችን አይሳተፍም ካሏችሁ የስቴቱን አስተባባሪ በኢሜይል ጠይቁ፤ ሜሪላንድ ውስጥ የሚያዘጋጀው ሜሪላንድ ሂውማኒቲስ ነው። የምዝገባው ቀን በየሪጅኑ ስለሚለያይ የጎረቤታችሁን ቀን አትከተሉ። የካቲት ላይ ስትደውሉልኝ ግን ብዙ ጊዜ ምዝገባው አልፏል።