ጉልበቱን የተሠራ ልጅ ሜዳ ከመግባቱ በፊት ምን ይለካ?

ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም አካባቢ ቅዳሜ ጠዋት ኳስ የሚጫወቱ ልጆች ፊዚዮቴራፒስት መሆኔን ያውቃሉ። በጉልበቱ ውስጥ ያለው የፊት ጅማት ተበጥሶ በቀዶ ሕክምና የተተካለት ሁሉ ጥያቄው አንድ ነው፦ «ወጌሻ፣ አሁን አያመኝም፣ ልግባ?»

ሕመሙ ጠፋ ማለት ጅማቱ ጠና ማለት አይደለም። እኔ አስቀድሜ ዕድሜውንና ከተሠራ ስንት ወር እንደሆነው እጠይቃለሁ። ከ25 ዓመት በታች ሆነው ወደ ስፖርት ከሚመለሱት ከአራት አንዱ ገደማ እንደገና ይበጠስበታል፤ አንዳንዴ የሚበጠሰው ደህና የነበረው ጉልበት ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣ የኖርዌይ ጥናት እንዳሳየው፣ መመለሱ እስከ 9ኛው ወር ድረስ በዘገየ ቁጥር ዳግም ጉዳቱ በየወሩ በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ 9 ወር ካልሞላው ሜትሬን አላወጣም።

ከሞላው መሬት ላይ በኖራ መስመር አሰምራለሁ። በደህናው እግር ዘሎ በዚያው እግር ይረፍ፤ ከተንገዳገደ አይቆጠርም። ሦስቴ ይዝለልና የተሻለው ይያዝ። ቀጥሎ የተሠራው እግር። ደህናው 150 ሳንቲ ሜትር፣ የተሠራው 129 ቢዘል 86 በመቶ ነው፤ 90 ካልደረሰ ወደ ልምምዱ ይመለስ።

90 ቢያልፍም ወዲያው አትመኑት። ወራት ያለ ሩጫ ሲከርም ደህናውም እግር ይከሳልና ሁለት ደካሞችን እያወዳደራችሁ ሊሆን ይችላል። ደግሞም ልጆች ብልጥ ናቸው፤ ታፋቸው ሰንፎ በዳሌና በቁርጭምጭሚት ይዘላሉ። የፊት ታፋውን ጡንቻ ለብቻው ጂም ውስጥ ተቀምጦ እግር በሚዘረጋበት ማሽን በየተራ ለኩ፤ በእርግጥ ሐኪሙ ከፈቀደ ነው። ሲያርፍ ከፊት ለፊት በስልክ ቅረጹና አዘግይታችሁ እዩ፦ ጉልበቱ ወደ ውስጥ ይገባል? ሳይታጠፍ እንደ እንጨት ደርቆ ያርፋል? ጉዳቱ በቤተሰብ ሊደጋገም ይችላልና ታላቅ ወንድሙም ጅማቱ ተበጥሶ ከሆነ ጥንቃቄው ይጨምር።

ሜዳውንም አትርሱ። የእኛ መረሬ ነው፤ በበጋ ይሰነጠቃል። ታኬታው ስንጥቅ ውስጥ ሲያዝ እግር ይቆማል፣ ሰውነት ይዞራል። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ያለ ግፊያ፣ ስንጥቅ በሌለበት ጥግ ይለማመድ። አሠልጣኙ «ለፋሲካ ዋንጫ ይድረስልኝ» ካለ በመቶኛውን በወረቀት ጽፋችሁ ስጡት፤ በቃል ከሆነ ይከራከራችኋል።