ማን ይልበስ? አድራጊና ተደራጊ ግስን በየቦታቸው ማዋል

ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ወደ ዘጌ የምትሄድ ጀልባ ላይ እንደተሳፈርን አንድ ማስታወቂያ አነበብኩ፦ «የሕይወት አድን ጃኬት ይለበሳል።» ጃኬቶቹ አግዳሚው ሥር ተከምረዋል። ጽሑፉን አየነው፣ ጃኬቶቹን አየናቸው፣ ዝም ብለን ተቀመጥን። ማን ይልበስ? ሕፃናት? ዋና የማይችል? «ተሳፋሪዎች ሁሉ ጃኬት ይልበሱ» ቢል ኖሮ ጥያቄ ባልነበረ። «ይለበሳል» ተደራጊ ግስ ነው፤ የሚለበሰውን ይዞ ለባሹን ይደብቃል። «ይልበሱ» ግን አድራጊ ግስ ነው፤ ለባሹን ያሳያል።

የራስዎን ጽሑፍ ሲፈትሹ መጀመሪያ ወደ ዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ይሂዱ፤ የአማርኛ ግስ መቀመጫው እዚያ ነው። ግሱን ይዘው «ማን?» ብለው ይጠይቁ። «እንቦጩ ይነቀላል ተብሎ ይጠበቃል» በሚለው ውስጥ ነቃዩም፣ ባዩም፣ ጠባቂውም የሉም። ይህችን «ተብሎ ይጠበቃል» እኔ ባገኘኋት ቁጥር እሰርዛታለሁ።

መልሱ ለአንባቢው የሚያስፈልግ ከሆነ አድራጊውን ወደ ፊት ያምጡት። «እንቦጩ በገበሬዎች ተነቀለ» ካሉ፣ ከገበሬዎቹ ላይ «በ»ን ያንሱ፤ ለእንቦጩ «ን»ን ይጨምሩ፤ ከግሱ «ተ»ን ቀንሰው ከባለቤቱ ጋር ያስማሙ፦ «ገበሬዎች እንቦጩን ነቀሉ።»

በትንቢት ጊዜ ጥንቃቄ ያሻል፤ «ተ» አትታይም። «ይነቅላል» እና «ይነቀላል» በጽሑፍ የሚለያዩት በ«ቅ» እና በ«ቀ» ብቻ ነው። በንባብ የተደራጊው («ይነቀላል») «ነ» እና «ቀ» ይጠብቃሉ፤ ፊደላችን ግን መጥበቅን አያሳይም። በስልክ ሲጽፉ ጣትዎ ከሳተ ነቃዩ ተነቃይ ሆኖ ቁጭ ይላል።

«ተ» ያለበት ሁሉም ተደራጊ አይደለም። «ዓሣ አጥማጁ ገንዘቡን ተቀበለ» ሲባል ተቀባዩ ራሱ አድራጊ ነው፤ «ተ»ን ቢያነሱ «ቀበለ» የሚባል ግስ የለንም።

ተደራጊውን ከነጭራሹ ማባረር ደግሞ ሌላ ጥፋት ነው። «አዲሱ የዓባይ ድልድይ በ2016 ዓ.ም. ተመረቀ» ሲባል ወሬው የድልድዩ ነው፤ ሪባን ቆራጩን ማስቀደም ነገሩን ያጣምመዋል። «መንገዱ ተዘግቷል» የሚለውም እንዳለ ይቆይ፤ ሾፌሩ የሚፈልገው በየት በኩል እንደሚዞር እንጂ የዘጋውን ሰው ስም አይደለም። «ስህተት ተፈጽሟል» ብሎ ይቅርታ የሚጠይቅ ደብዳቤ ግን ፈጻሚውን ይናገር።

ከዘጌ ስንመለስ ጀልባ ነጂው ወደ ማስታወቂያው አልጠቆመም። «ልበሱ!» አለን። ለበስን።