የሳምንቱን ምግብ አስቀድሞ ማዘጋጀት፦ በጀማሪዎች ላይ የሚታዩ ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

የሳምንቱን ምግብ በአንድ ቀን ሠርቶ ማስቀመጥ ሲጀመር የሚያጋጥሙት ችግሮች አብዛኛውን ጊዜ የሚታዩት በሳምንቱ አጋማሽ ላይ ነው። ምግቡ ተበላሽቶ ይገኛል፣ ሩዙ ደርቋል፣ ሰላጣው ውሃ አቁሯል፣ ወይም ያው ምግብ ለአራተኛ ጊዜ ሲቀርብ ማንም እጁን አይዘረጋም። መንስኤው ግን በአመዛኙ የሚፈጠረው ምግቡ በተሠራበት ዕለት፣ በተለይም ድስቱ ከእሳት ከወረደ በኋላ ባሉት ሁለት ሰዓታት ውስጥ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች የቀረቡት መፍትሄዎች በብዛት የሚያተኩሩት ስለ አቀዛቀዝና ስለ አቀማመጥ ነው፤ ጀማሪዎች የምግብ አሠራር ለማሰስ ከሚያውሉት ጊዜ ጥቂቱን ለዚህ ቢሰጡት ብዙ ምግብ ከመጣል ይድናል ብዬ አምናለሁ።

ምግቡ ገና በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ይበላሻል

በቅድሚያ መታየት ያለበት ምግቡ እንዴት እንደቀዘቀዘ ነው። በሽታ የሚያስከትሉ ባክቴሪያዎች በፍጥነት የሚራቡት በግምት ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ውስጥ ነው። አንድ ትልቅ ድስት ሾርባ እንደተከደነ ፍሪጅ ውስጥ ቢገባ ጠርዙ ቶሎ ቢቀዘቅዝም መሀሉ ለብዙ ሰዓታት ለብ እንዳለ ይቆያል፤ በዙሪያው የተቀመጡትንም ምግቦች ያሞቃል። «ትኩስ ነገር ፍሪጅ ያበላሻል» በሚል ስጋት ድስቱን ሌሊቱን ሙሉ ጠረጴዛ ላይ ማሳደር ደግሞ ከዚህም የከፋ ነው።

መፍትሄው ምግቡን ወዲያው ከድስቱ አውጥቶ፣ ጥልቀቱ ከ5 ሴንቲ ሜትር ሳይበልጥ በጠፍጣፋ መያዣዎች ማከፋፈል ነው። ክዳኑን ገርበብ አድርገው እንፋሎቱ እንዲወጣ ካደረጉ በኋላ፣ ከእሳት ከወረደበት ጊዜ አንሥቶ በሁለት ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ ውስጥ ያስገቡት፤ የክፍሉ ሙቀት ከ32 ዲግሪ በላይ ከሆነ ጊዜው ወደ አንድ ሰዓት ያጥራል። ሾርባና መረቅ ከሆነ በረዶ በተጨመረበት ውሃ ውስጥ ድስቱን አስቀምጦ ማማሰል ሥራውን በእጅጉ ያፋጥነዋል። መያዣዎቹም ሙሉ በሙሉ እስኪቀዘቅዙ ድረስ በመካከላቸው አየር እንዲያልፍ ተራርቀው ይቀመጡ እንጂ አይደራረቡ።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ምግቡ የሚበላሽ ከሆነ ፍሪጁ ራሱ ይመርመር። በብዙ ፍሪጆች መቆጣጠሪያ ላይ ያሉት ቁጥሮች የቅዝቃዜ ደረጃን እንጂ ዲግሪን አያመለክቱም። ትንሽ ቴርሞሜትር በአንድ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ነክረው በመካከለኛው መደርደሪያ ላይ ያሳድሩና ጠዋት ያንብቡት፤ 4 ዲግሪ ወይም ከዚያ በታች ሊሆን ይገባል።

በአግባቡ የቀዘቀዘ የበሰለ ምግብም ቢሆን በፍሪጅ ውስጥ የሚቆየው ከ3 እስከ 4 ቀን ነው። ሰባት ቀን ያቆየኛል ብሎ ማቀድ በራሱ የችግሩ መነሻ ነው። ከአራተኛው ቀን በኋላ የሚበላው ድርሻ በተሠራበት ዕለት ወደ ፍሪዘር መግባት አለበት። በዚህ ጉዳይ ላይ አፍንጫን ማመን አደገኛ መሆኑን አጥብቄ ማሳሰብ እወዳለሁ፤ በሽታ የሚያስከትሉ ባክቴሪያዎች የምግቡን ሽታም ሆነ ጣዕም ሳይለውጡ ሊራቡ ይችላሉና።

ሩዝ የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ባሲለስ ሴሬየስ የተባለው ባክቴሪያ የሚፈጥራቸው ስፖር የሚባሉ ዘር መሰል ሕዋሳት መፍላትን ተቋቁመው ስለሚተርፉ፣ የበሰለ ሩዝ ለብ ብሎ ሲቆይ እንደገና ነቅተው ይራባሉ፤ ከሚያመነጩት መርዝ አንዱ ዓይነት ደግሞ ምግቡን መልሶ በማሞቅ አይጠፋም። ስለዚህ ሩዝን በሰፊ ትሪ ላይ ስስ አድርጎ አስፍቶ በቶሎ ማቀዝቀዝ ያስፈልጋል። ማንኛውም የተቀመጠ ምግብ ሲሞቅ መሀሉ 74 ዲግሪ መድረስ ይኖርበታል፤ በማይክሮዌቭ የሚሞቅ ከሆነ ሙቀቱ እኩል ስለማይዳረስ በመካከሉ አውጥቶ ማማሰል ግድ ነው።

ሩዙ ይደርቃል፣ ፓስታው ይልፈሰፈሳል

ሩዝ በፍሪጅ ውስጥ የሚጠነክረው ውሃው ስላለቀ ብቻ ሳይሆን በውስጡ ያለው ስታርች ሲቀዘቅዝ እንደገና ስለሚደራጅ ነው። አንድ ሁለት ማንኪያ ውሃ ረጭቶ፣ ከድኖ በእንፋሎት ማሞቅ ለስላሳነቱን ይመልስለታል። ፓስታ ግን ከስጎው ጋር ሲያድር ፈሳሹን እየመጠጠ ስለሚያብጥ፣ ሙሉ በሙሉ ከመብሰሉ ሁለት ደቂቃ ያህል ቀደም ብሎ ማውጣትና ስጎውን ለብቻው ማስቀመጥ ይሻላል።

ሰላጣውና አትክልቱ ውሃ ያወጣሉ

የመያዣውን ክዳን ገልብጠው ይመልከቱት። የውሃ ጠብታ ካቆረ፣ አትክልቱ ሳይደርቅ ወይም ሳይቀዘቅዝ ተከድኗል ማለት ነው። ታጥቦ በደንብ ይድረቅ፤ ከመያዣው ሥር ንጹሕ ደረቅ ጨርቅ ወይም የወጥ ቤት ወረቀት ይነጠፍ። ጨው ከአትክልት ውስጥ ውሃ ስለሚስብ ጨውና ሎሚ የሚጨመሩት ሊበላ ሲል ብቻ ነው።

ከፍሪዘር የወጣው ምግብ ቅርጹንና ጣዕሙን ያጣል

አንዳንድ ምግቦች መጀመሪያውኑ ለፍሪዘር አይሆኑም፦ የተቀቀለ ድንች ሻካራ ይሆናል፣ የተቀቀለ እንቁላል ነጩ እንደ ጎማ ይለጠጣል፣ ጥሬ ሰላጣ ይሟሽሻል። ሾርባ፣ የበሰለ ጥራጥሬና የቲማቲም ስጎ ግን በደንብ ይቆያሉ። የምግቡ ገጽ ነጣ ብሎ ከደረቀ መንስኤው መያዣው ውስጥ የቀረው አየር ነው፤ አየሩን አስወጥቶ በጥብቅ መክደን ይበቃል። ሾርባ ሲሆን ግን ውሃ ሲረጋ መጠኑ በ9 በመቶ ያህል ስለሚጨምር ከላይ ሁለት ጣት ያህል ክፍተት መተው ያስፈልጋል። የፍሪዘሩ ቅዝቃዜ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ይሁን፤ ምግቡም ከመበላቱ አንድ ቀን ቀድሞ ወደ ፍሪጅ ወርዶ በዚያው ይሟሟ።

ምግቡ ደህና ሆኖ ሳለ ይሰለቻል

ይህ የሚሆነው አንድ ያለቀለት ምግብ በብዙ መያዣ ሲባዛ ነው። በዚህ ፈንታ ክፍሎቹን ለየብቻ ማዘጋጀት ይመከራል፦ አንድ የእህል ዓይነት፣ አንድ ጥራጥሬ ወይም ዶሮ፣ የተጠበሰ አትክልትና ሁለት የተለያየ ጣዕም ያላቸው ስጎዎች። ያው ዶሮ አንድ ቀን በሩዝ ላይ፣ ሌላ ቀን በዳቦ ውስጥ፣ ሌላ ቀን በሾርባ ሲቀርብ ሥራው ሳይጨምር ገበታው ይለወጣል። ዶሮውን ያለ ጠንካራ ቅመም ማብሰል ይህን ያመቻቻል።

ዝግጅቱ ቀኑን ሙሉ ይፈጃል

መንስኤው የሳምንቱን ቁርስ፣ ምሳና እራት በአንድ ጊዜ ለመጨረስ መሞከር ነው። ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሦስት ቀን ምሳ ብቻ ይዘጋጅ። ጥራጥሬውና ሥጋው አስቀድመው ይጣዱ፣ እነሱ ሲበስሉ አትክልቱ ይከተፍ፤ በየመያዣው ላይ ደግሞ የምግቡ ስምና የተሠራበት ቀን ይጻፍ።