የሁለት ኤርፖርቶች ርቀት ስሌት ሲዛነፍ፦ ችግሩና መፍትሄው

መፈተሻ እንዲሆን የኒውዮርኩን ጄኤፍኬ (ኬክሮስ 40.6397፣ ኬንትሮስ −73.7789) እና የቶኪዮውን ናሪታ (35.7647፣ 140.3864) ይውሰዱ። በሃቨርሳይን ቀመር (ከኬክሮስና ከኬንትሮስ ተነስቶ በሉል ላይ ያለውን አጭሩን ርቀት በሚያሰላው)፣ የምድር ሬዲየስ 6,371 ኪ.ሜ. ተብሎ ሲሰላ 10,830 ኪ.ሜ. ገደማ ይመጣል። ሌላ ቁጥር ከወጣ፣ ስህተቱ የት እንዳለ አብዛኛውን ጊዜ ከቁጥሩ ይታወቃል።

5,700 ገደማ ወጣ። የኒውዮርክ ኬንትሮስ የመቀነስ ምልክቱ ቀርቷል። ከግሪኒች በስተምዕራብ ያለ ኬንትሮስና ከምድር ወገብ በስተደቡብ ያለ ኬክሮስ ሁልጊዜ ኔጌቲቭ ነው። ቀመርዎን በኒውዮርክና ለንደን ሂትሮው እንዳይፈትሹ፤ ሂትሮው ዜሮ ኬንትሮስ አጠገብ ስለሆነ ይኸው ስህተት እዚያ የሚያዛባው 60 ኪ.ሜ. ያህል ብቻ ነው፣ ሳይታይ ያልፋል።

9,185 ገደማ ወጣ። ከሁሉም ተንኮለኛው ይሄ ነው፤ ትክክለኛ መልስ ይመስላል። ከ10,830 ጋር ይደምሩት፦ 20,015፣ የምድር ዙሪያ ግማሽ። መንስኤው የባለሁለት ግብዓቱ አርክታንጀንት (ATAN2) ግብዓቶች ቦታ መለዋወጣቸው ነው። ኤክሴል አግድሙን አስቀድሞ ሽቅቡን ያስከትላል፤ ፓይተንና ጃቫስክሪፕት ግን በተቃራኒው። የቀመሩን መካከለኛ ውጤት (አርክታንጀንቱ ከመወሰዱ በፊት የሚገኘውን ድምር) «ሀ» ብንለው፣ ኤክሴል ላይ መጀመሪያ የ(1−ሀ) ካሬ ሥር፣ ቀጥሎ የሀ ካሬ ሥር ይገባል። ፓይተን ላይ ቅደም ተከተሉን ይገልብጡ። ጣጣውን ጨርሶ ለመተው ከፈለጉ የሀን ካሬ ሥር አርክሳይን ወስደው በ2 እና በ6,371 ያባዙ።

ቁጥሩ ከምንም ጋር አይገናኝም። ሳይንና ኮሳይን የሚጠብቁት ራዲያን ሆኖ ሳለ ዲግሪ ገብቷል። እያንዳንዱን ዲግሪ በ0.0174533 ያባዙ።

በጥቂት አስር ኪሎ ሜትሮች ተዛነፈ። ደቂቃና ሰከንድ እንደ አስርዮሽ ተጽፈዋል። 40°38′23″ ማለት 40.3823 አይደለም፤ 40 + 38÷60 + 23÷3600 = 40.6397 ነው። በስህተት ከተጻፈ ኤርፖርቱ 29 ኪ.ሜ. ያህል ወደ ደቡብ ይሸሻል።

ልዩነቱ ሁልጊዜ 1.852፣ 1.609 ወይም 1.15 እጥፍ ነው። የመለኪያ መደበላለቅ ነው። አንድ የባሕር ማይል 1,852 ሜትር፣ የየብስ ማይል ደግሞ 1,609 ሜትር ነው። አብራሪዎች የሚጠቀሙት በመጀመሪያው ነው።

ርቀቱ ከነጭራሹ የሌላ አገር ነው። የከተማ ስም ብቻ ፈልገዋል። ሲድኒ አውስትራሊያም ካናዳም ውስጥ ስላለ፣ በኤርፖርቱ ኮድ ይፈልጉ።

ከሌላ ምንጭ ጋር ሲነጻጸር እስከ 0.5 በመቶ ልዩነት አለ። ቀመርዎ ደህና ነው። ምድር ፍጹም ሉል አይደለችም፤ ሬዲየሷ በወገቧ 6,378፣ በዋልታዎቿ 6,357 ኪ.ሜ. ነው። ይህን የሚያስተካክለው የቪንሰንቲ ስሌት ነው፤ ነገር ግን በምድር ተቃራኒ ጎኖች ፊት ለፊት ለተቀመጡ ቦታዎች መልስ ላይ ሳይደርስ ሊሽከረከር ስለሚችል እዚያ የካርኒን ዘዴ ይጠቀሙ።

አውሮፕላኑ የበረረው ከስሌቱ ይበልጣል። ይሄ የስሌት ስህተት አይደለም። ነፋስ፣ የተዘጋ የአየር ክልል፣ የመነሻና የማረፊያ ዙር መንገዱን ያስረዝማሉ። የአውሮፓ ኅብረት የአቪዬሽን ልቀት ደንብ በአጭሩ መስመር ርቀት ላይ 95 ኪ.ሜ. የጨመረበት ጊዜ አለ፤ እርስዎም ለግምት ያህል ከሆነ የሚያሰሉት ይህንኑ ይደምሩ።