ኤክሴል «ዳታቤዙ ተይዟል» እያለ ካስቸገራችሁ

ሐዋሳ ውስጥ የሱቅ ሒሳብ በዴስክቶፕ ለምትሠሩ፣ በተለይ መብራት ሄዶ ሲመጣ ኤክሴላችሁ ከአክሰስ ዳታቤዙ ጋር አልገናኝም እያለ ኤረር ለሚደጋግምባችሁ። ኤክሴሉን አጥፍታችሁ እንደገና ለመጫን አትቸኩሉ። ብዙ ጊዜ ችግሩ እሱ ጋ አይደለም።

መጀመሪያ ኤክሴልንም አክሰስንም ዝጉ፤ በኔትወርክ ከተያያዛችሁ ካሸሯም በእሷ ኮምፒውተር ላይ ትዝጋ። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጫኑና ታስክ ማናጀር ውስጥ ተደብቆ የቀረ ኤክሴል ወይም አክሰስ ካለ አጥፉት። ከዚያ ዳታቤዙ ያለበትን ፎልደር ክፈቱ። በዳታቤዙ ስም የተሰየመ፣ የቁልፍ ምልክት ያለበት ትንሽ ፋይል ካያችሁ ጥፋተኛው እሱ ሊሆን ይችላል፤ መጨረሻው «ኤልኤሲሲዲቢ» ይላል። አክሰስ ዳታቤዙ ሲከፈት ራሱ ይፈጥረዋል፣ ሲዘጋም ራሱ ያጠፋዋል፤ መብራት ድንገት ድርግም ሲል ግን እዚያው ሊቀር ይችላል፣ ኤክሴልም ዳታቤዙን ሌላ ሰው የያዘው ይመስለዋል። ሁሉም ሰው መዝጋቱን አረጋግጡና ዲሊት አድርጉት። ዋናውን ዳታቤዝ ግን እንዳትነኩ፣ አደራ!

አሁንም እምቢ ካለ ዳታቤዙን መጀመሪያ ፍላሽ ላይ ኮፒ አድርጉ፣ ከዚያ አክሰስ ውስጥ ገብታችሁ «ኮምፓክት ኤንድ ሪፔር ዳታቤዝ» የሚለውን ተጫኑ። አቅም ካላችሁ ዩፒኤስ (ባትሪ ያለው የመብራት መጠባበቂያ) ግዙ፤ መብራት ሲሄድ ፋይሉን በሥርዓቱ ለመዝጋት ጥቂት ደቂቃ ይሰጣችኋል።