ዓይን እያየ እጅ ሲኒውን ሲስት

ከስትሮክ ያገገሙ አባት ሲኒውን እያዩት እጃቸው አጠገቡ ሲያርፍ ቤተሰብ መጀመሪያ የሚያስበው መነጽር ነው። ከመነጽሩ በፊት ጣቶቻቸውን ልብ ብላችሁ እዩ።

ምልክቱ
የጤነኛ ሰው ጣቶች ገና መንገድ ላይ ሳሉ ከሲኒው ትንሽ ሰፋ ብለው ይከፈታሉ፤ ሊደርሱ ሲሉ ይጠባሉ። እዚህ ግን እጁ እንደተዘረጋ ይደርስና ዕቃውን ከነካ በኋላ ነው የሚጨብጠው። አንዳንዴም ጭራሽ አልፎት ይሄዳል።

ዓይናቸውን ጨፍነው አፍንጫቸውን እንዲነኩ ጠይቋቸው። አፍንጫቸውን በትክክል ነክተው፣ ፊታቸው ያለውን እስክሪብቶ በደንብ እያዩ ከሳቱ፣ ዓይንን ከእጅ የሚያገናኘው የአንጎል ክፍል ሊጠረጠር ይገባል። አፍንጫቸውንም ከሳቱ ወይም እጃቸው ከተንቀጠቀጠ መንስኤው ሌላ ሊሆን ይችላል። ቁርጡን የሚነግራችሁ የነርቭ ሐኪም ነው።

መንስኤው
ፓሪየታል በሚባለው የአንጎል ክፍል እጥፋት ውስጥ ኤአይፒ የተባለ ትንሽ ቦታ አለ። ዓይን ያየውን ቅርጽና መጠን ለጣቶች በሚሆን መልክ አዘጋጅቶ እንቅስቃሴን ለሚያዘው የፊት አንጎል ያቀብላል። እ.ኤ.አ. በ1994 በወጣ ጥናት ይህ ቦታ በጦጣዎች ላይ ለጊዜው በመድኃኒት ሥራ እንዲያቆም ተደርጎ ነበር፤ ጣቶቻቸው እንደ ዕቃው ቅርጽ መዘጋጀት አቃታቸው። እጅን ወደ ዕቃው የሚመሩት ጎረቤት ቦታዎች ናቸው፤ እነሱ ሲጎዱ እጁ ዒላማውን ይስታል። የቡዳፔስቱ ሐኪም ሬዦ ባሊንት እ.ኤ.አ. በ1909 የጻፈለት ታማሚ ሥጋ ሲቆርጥ ቀኝ እጁ ቢላዋውን ከሳህኑ ውጭ ይሰድ ነበር፤ ግራ እጁ ግን ደህና ነበር። ይህን ሰው ዓይኑ ደክሟል ማለት እንዴት ይቻላል?

መፍትሄው
ችግሩ ድንገት ከጀመረ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰዷቸው።

የቆየ ከሆነ ዕቃውን በቀጥታ እንዲያዩት አድርጉ፤ በዓይን ጠርዝ እያዩ ሲዘረጉ ስህተቱ ይብሳል። ትኩስ ቡና አታቀብሏቸው። ጠረጴዛው ላይ አንድ ሲኒ ብቻ ይቀመጥ፣ እጃቸውም ጠረጴዛውን እየዳሰሰ ይሂድ፤ ዳሰሳ ዓይን የጎደለውን ይሞላል። መጠናቸው የተለያየ ዕቃዎችን ማንሳት ከፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ጋር በየቀኑ ይለማመዱ። «ቶሎ በል» የሚል ሰው አጠገባቸው አይቀመጥ።

ምግብ ላይ በእንጀራ ጀምሩ። ሰፊ ነው፣ አይፈስም፣ ጣት የትም ቢያርፍ ይቆርሰዋል።